የክሪኬትስ የመጀመሪያ ሸክላ፣ ከከበሮው ወገን ሲደመጥ

ክሪኬትስ የተባለው የቴክሳስ ባንድ በኖቬምበር 1957 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን፣ «ዘ ቸርፒንግ ክሪኬትስ»ን (የሚንጫጩት ክሪኬትስ እንደ ማለት ነው)፣ በድጋሚ በታተመ ሸክላ ከገዛሁት ሦስት ወር ሆነኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙ አሥራ ሁለት ዘፈኖች ሲኖሩት ሁለቱም ገጾች ተደምረው ከ26 ደቂቃ አይበልጡም። ዘፈኖቹን ከዚህ በፊት የማውቃቸው ከየስብስቡ ተለቃቅመው ነበር፤ በተቀመጠላቸው ቅደም ተከተል፣ አንዱ ገጽ አልቆ ሸክላው እስኪገለበጥ እየጠበቁ መስማት ግን ለካስ ሌላ ነገር ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሸክላው ሊገዛ የሚገባው ነው። ቅሬታ ያለኝ በማሸጊያው ላይ ነው፤ ማሸጊያው የአንድን ሰው ታሪክ ሲተርክ፣ በውስጡ ያለው ሙዚቃ ደግሞ የአንድን ባንድ ታሪክ ይናገራል።

የሽፋኑ ሥዕል እንደ ጥንቱ ነው። አራት ወጣቶች ሱፍ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ቆመዋል፤ መነጽር ያደረገው የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ባዲ ሆሊ ስትራቶካስተር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዟል፤ በዚያ ዘመን ብዙ አድማጭ እንዲህ ዓይነት ጊታር አይቶ አያውቅም ነበር። የጥንቱ ሽፋን የሚያስተዋውቀው ክሪኬትስን እንጂ ሆሊን አልነበረም። እኔ በገዛሁት ቅጂ ላይ ግን አሳታሚው የሆሊን ስም ከባንዱ ስም በሚበልጥ ፊደል ጽፎ ለጥፎበታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮራል የተባለው ኩባንያ ይህንኑ አልበም «ባዲ ሆሊ ኤንድ ዘ ክሪኬትስ» ብሎ ስሙን ቀይሮ እንደገና አውጥቶት ነበር። ለገበያ ሲባል የተደረገ መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም ሸክላውን የሚገዛ ሰው ገና ከማሸጊያው ሳያወጣው ጆሮውን ወደ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ በእኔ አስተያየት ይህ በሙዚቃው ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

የባንዱ ስም ብቻውን ሽፋኑ ላይ የተጻፈበት ምክንያት በራሱ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው። ሆሊ በ1956 በናሽቪል ከተማ ለዴካ ኩባንያ ጥቂት ዘፈኖችን ቀርጾ ነበር፤ ከነዚያ አንዱ «ዛትል ቢ ዘ ዴይ» ነው። የዘፈኑ ርዕስ ጆን ዌይን በአንድ የ1956 የካውቦይ ፊልም ውስጥ ደጋግሞ ከሚናገረው ቃል የተወሰደ ሲሆን ግጥሙንና ዜማውን የሠሩት ሆሊና ከበሮ መቺው ጄሪ አሊሰን ናቸው። የናሽቪሉ ሥራ አልቀናቸውም፤ ዴካም ከሆሊ ጋር የነበረውን ውል አላደሰም። ይሁን እንጂ በውሉ መሠረት ሆሊ ለዴካ የቀረጻቸውን ዘፈኖች ለአምስት ዓመት ያህል በሌላ ቦታ ደግሞ መቅረጽ አይፈቀድለትም ነበር። በ1957 መጀመሪያ ዘፈኑ በአዲስ መልክ ሲቀረጽ የሆሊን ስም መደበቅ ግድ ሆነ፤ የባንድ ስምም ተፈለገ። ወጣቶቹ መዝገበ እውቀት ገልጠው ከነፍሳት ስም ሲመርጡ ጥንዚዛን አንስተው ጣሏት፤ ማታ ማታ ሣር ውስጥ የምትንጫጫዋን ፌንጣ መሰል ነፍሳት፣ ክሪኬትን፣ ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሊቨርፑል ወጣቶች፣ ቢትልስ፣ እነሱን በማድነቅ የጥንዚዛን ስም ጨዋታ ጨምረውበት ለራሳቸው ባንድ መጠሪያ እንዳደረጉት ይታወቃል። ዘፈኑን ያወጣው ብረንስዊክ የተባለው ኩባንያ መልሶ የዴካ ቅርንጫፍ መሆኑ ደግሞ ሌላው አስገራሚ ነገር ነው፤ ዴካ በአንድ በር ያሰናበተውን ሰው በሌላ በር ተቀበለው።

ቀረጻው የተከናወነው የባንዱ መነሻ ከሆነችው ከቴክሳሷ ለበክ ከተማ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኒው ሜክሲኮዋ ክሎቪስ፣ በኖርማን ፔቲ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፔቲ ራሱ ሙዚቀኛ ነበር፤ ክፍያ የሚጠይቀውም በሰዓት ሳይሆን በዘፈን ነበር። ይህ የክፍያ አሠራር ቀላል ነገር አይደለም። በትልልቅ ከተሞች ስቱዲዮዎች ሰዓት ሲያልቅ ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣ ነበር፤ ክሎቪስ ውስጥ ግን ወጣቶቹ አንዱን ዘፈን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጡት፣ ያልተሞከረ ድምፅ ሲሞክሩ፣ የተበላሸውን ሲደግሙ ያድሩ ነበር። በሸክላው ላይ የሚሰማው ያ ያልተቻኮለ ንጽሕና የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1957 «ዛትል ቢ ዘ ዴይ» እና የኋላ ገጹ «አይም ሉኪን ፎር ሰምዋን ቱ ላቭ» በአንድ ሌሊት ተቀረጹ። ሆሊ ሃያ ዓመቱ፣ አሊሰን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለኩባንያ ማሳያ እንዲሆን ተብሎ የተቀዳው ያ ቅጂ ሳይለወጥ ለገበያ ወጣ፤ በሴፕቴምበር 1957 በአሜሪካ፣ በኖቬምበር ደግሞ በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

አንድ የማሸጊያው ጽሑፍ ያላነሳውን ዝርዝር መጥቀስ እወዳለሁ። በዚያ ሌሊት ቤዝ የተጫወተው በሽፋኑ ላይ የሚታየው ጆ ቢ. ሞልዲን አልነበረም፤ ላሪ ዌልቦርን የተባለ ሌላ የለበክ ወጣት ነበር። ሞልዲን ወደ ባንዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራተኛው አባል ኒኪ ሰሊቫን ደግሞ ሽፋኑ ላይ ጊታር ይዞ ቢታይም፣ በቀረጻዎቹ ላይ ድርሻው በአብዛኛው በአጃቢ ድምፅ የተወሰነ ነበር። እንግዲህ ይህ አልበም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቡድን ሥራ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይለወጡ የሚገኙት ሆሊና አሊሰን ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንደኛው በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ ሌላኛው የባንዱን ስም እስከ 2016 ድረስ ተሸክሞ ኖረ።

አሁን ወደ ከበሮው ልምጣ፤ ሦስት ወር ሙሉ ይህን ሸክላ ደጋግሜ እንዳዞረው ያደረገኝ እሱ ነውና። የመጀመሪያው ገጽ የሚከፈተው በ«ኦ ቦይ» ነው። ዘፈኑ ሲጀምር ጆሮ ወደ ሆሊ ጩኸት መሄዱ አይቀርም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አደማመጥ ግን ዘፈኑን ከመቀመጫው የሚያስነሳው አሊሰን መሆኑ ይታወቃል። ምቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አያደነቁርም። የአሊሰን ችሎታ የሚታየው ከበሮውን በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ ሳይሆን የትኛውን የከበሮ ክፍል ለየትኛው ዘፈን እንደሚመርጥ፣ የትኛውንም እንደሚተው በማወቁ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት የሮክ ኤንድ ሮል ከበሮ መቺዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ምት ይዘው ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገሩ፣ ይህ ወጣት ለእያንዳንዱ ዘፈን የራሱን መሣሪያ ይፈልግለት ነበር።

ይህንን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ሁለተኛው ዘፈን «ኖት ፌድ አዌይ» ነው። እዚህ ላይ አሊሰን የሚመታው ከበሮ አይደለም፤ የካርቶን ሣጥን ነው። የምቱ ቅርጽ ከጊታር ተጫዋቹ ከቦ ዲድሊ የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው፤ እሱ በጊታርና ማራካስ በሚባለው በሚንሿሿ መሣሪያ ያጨናነቀውን ክሪኬትስ እስከ አጥንቱ ገፍፈውታል። ሣጥኑ ይመታል፣ ጊታሩ ይመልሳል፣ አጃቢዎቹ አጭር ቃል ጣል ያደርጋሉ፣ ከዚያም ዝምታ ይከተላል። በጥሩ ሸክላ ማጫወቻ ሲሰማ ያ ዝምታ ራሱ እንደ አንድ መሣሪያ ይቆጠራል፤ የካርቶኑ ደረቅ ድምፅ ከቆመ በኋላ የክፍሉ አየር ይሰማል። በስልክ ወይም በትንሽ ድምፅ ማጉያ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ፈጽሞ አላገኘውም ብዬ አምናለሁ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1964 ይህንኑ ዘፈን በብሪታንያ ትልቅ ተወዳጅነት ያገኙበት ሲሆን፣ እነሱ ፍጥነትና ጫጫታ ጨምረውበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው የፈለገውን ይምረጥ፤ እኔ የምመርጠው ካርቶኑን ነው።

የመጀመሪያው ገጽ መዝጊያ «ቴል ሚ ሃው» ብዙ ጊዜ ከምርጥ ስብስቦች የሚዘለል ዘፈን ነው፤ ለዚህም ጭምር አልበሙን በሙሉ መግዛት ያዋጣል። ሁለተኛው ገጽ በ«ዛትል ቢ ዘ ዴይ» የታወቀ የጊታር መግቢያ ሲጀምር ሌላ ዓይነት ምት ይመጣል፤ እንደ መዝናናት ያለ፣ በራሱ የሚተማመን፣ ሆሊ ቃላቱን እንደፈለገ እንዲሰባብር ቦታ የሚሰጥ ምት ነው። ሆሊ አንዱን አናባቢ በስድስት ቦታ ቆራርጦ ሲዘፍን የማይሰናከለው ከበሮው ስለማይናጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው «አይም ሉኪን ፎር ሰምዋን ቱ ላቭ» ደግሞ ሆሊ በጊታር ብቻውን የሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች ስላሉት፣ ጊታር ለሚማሩ ወጣቶች በተለይ እንዲሰሙት እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ሲባል አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ ላይ የሚሰሙት አጃቢ ድምፆች የባንዱ አባላት አይደሉም፤ ፒክስ የተባሉ ሦስት ድምፃውያን፣ ጆን ፒከሪንግ፣ ቢል ፒከሪንግና ቦብ ላፋም፣ ባንዱ ተቀርጾ ከሄደ በኋላ በክሎቪስ የጨመሩት ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በ«ኦ ቦይ»፣ ጭማሪው ዘፈኑን ከፍ ያደርገዋል፤ በዝግታ በሚሄዱት ዘፈኖች ላይ ግን እንደ ወፍራም መጋረጃ ሆኖ ከኋላው ያለውን የባንዱን ጨዋታ ይሸፍናል። በ«አን ኤምፕቲ ካፕ» ላይ ይህ ይብሳል። በዚህ ዘፈን ቅንብር ውስጥ ያኔ ገና ዝነኛ ያልሆነው ሮይ ኦርቢሰን እጁ አለበት፤ ዜማው የሚያምር ሲሆን ለሆሊ ድምፅ ግን ትንሽ ይከብደዋል። የፒክስ ስም በጥንቱ ሽፋን ላይ አለመጻፉ ያሳዝነኛል፤ አድማጩ ክሪኬትስ ይንጫጫሉ ተብሎ ገዝቶ የሚሰማው በከፊል የሌሎችን ድምፅ ነበርና። አዲሱ አሳታሚ ይህን ስሕተት ለማረም ዕድሉ ነበረው፤ አላረመውም።

ስለ ቀረጻው ጥራት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአልበሙ ውስጥ አራት ዘፈኖች፣ «ሜይቢ ቤቢ»ን ጨምሮ፣ በክሎቪስ አልተቀረጹም። ባንዱ በ1957 መከር ከብዙ አርቲስቶች ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሲጫወት፣ ፔቲ የመቅረጫ ዕቃውን ጭኖ ኦክላሆማ ሲቲ አጠገብ ባለው በቲንከር የአየር ኃይል ሰፈር ተገናኛቸውና በመኮንኖች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ቀረጻቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ይቸገራል፤ እኔም አውቄ እያዳመጥሁ እንኳ የአዳራሹን ስፋት የምገምተው «ሮክ ሚ ማይ ቤቢ» ላይ ብቻ ነው። ከሌሎች የተወሰዱትን ሁለት ዘፈኖች፣ የቸክ ዊሊስን «ኢትስ ቱ ሌት» እና በሊትል ሪቻርድ የታወቀውን «ሴንድ ሚ ሰም ላቪን»፣ በአክብሮት ተጫውተዋቸዋል፤ ከቀዳሚዎቹ ግን አይበልጡም።

ከሸክላው ጋር የመጣው ባለ አራት ገጽ ማብራሪያ ጽሑፍ ታሪኩን በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ሆሊ ከዘፋኞቹ ከሪቺ ቫለንስና ከጄ. ፒ. ሪቻርድሰን ጋር በአይዋ ግዛት በአውሮፕላን አደጋ በሞተበት ዕለት ይዘጋዋል። ዋነኛው ቅሬታዬ ይህ ነው። ባንዱ በዚያ ዕለት ከሆሊ ጋር አልነበረም። ሰሊቫን በ1957 መጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ ሦስቱ የቀሩት በማርች 1958 ብሪታንያን ለሃያ አምስት ቀናት ያህል ዞረው ተጫውተው፣ ከዚያ በኋላ ጊታር ያነሳውን አንድ ትውልድ በመቀመጫው ላይ አስደምመው ተመልሰዋል። በ1958 መገባደጃ ሆሊ ከፔቲ ጋር በገንዘብ ጉዳይ ተጣልቶ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ፣ አሊሰንና ሞልዲን ከፔቲ ጋር ቀሩ፤ የክሪኬትስ ስምም የእነሱ ሆነ። ስለዚህ ሆሊ ሲሞት የሞተው ባንዱ አልነበረም፤ ባንዱ ያን ጊዜ ያለ እሱ መንገድ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማብራሪያው በአንድ መስመር እንኳ ቢነካው ምንኛ መልካም ነበር። ከለበክ ጀምሮ የሆሊ ጓደኛ የነበረው ሶኒ ከርቲስ ጊታር ይዞ ገባ፤ ኧርል ሲንክስ ዘፋኝ ሆነ። በ1960 በወጣው «ኢን ስታይል ዊዝ ዘ ክሪኬትስ» በተሰኘው አልበም ላይ ከርቲስ የደረሰው «አይ ፎት ዘ ሎው» ይገኛል፤ ይህን ዘፈን የቦቢ ፉለር ቡድን በ1966፣ ክላሽ ደግሞ በ1979 ተጫውተውት ዓለም አወቀው፤ በመጀመሪያ ግን የክሪኬትስ ነበር። ከርቲስና አሊሰን አብረው የጻፉት «ሞር ዛን አይ ካን ሴይ» በ1980 በሊዮ ሴየር ድምፅ እንደገና ተወዳጅ ሆነ። በ1959 ኤቨርሊ ወንድማማቾችን በሸክላ አጅበዋል፤ በ1962 ከቦቢ ቪ ጋር ሙሉ አልበም ሠርተዋል፤ በዚያው ዓመት በብሪታንያ «ዶንት ኤቨር ቼንጅ» የተባለው ዘፈናቸው ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ሆኗል። በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ ከዌይሎን ጄኒንግስ ጋር በየመድረኩ ዞሩ፤ እሱ በሆሊ የመጨረሻ ጉዞ ላይ ቤዝ የተጫወተው ሰው ነው። በ1988 ፖል ማካርትኒ አንድ ሥራቸውን በአዘጋጅነት ሠራላቸው።

የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሆሊን በ1986 በመጀመሪያው ዙር ሲያስገባ ባንዱን ትቶት ነበር፤ ክሪኬትስ የገቡት በ2012 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መዘግየቱ ከላይ ስለ ሽፋኑ ያነሳሁትን ቅሬታ የማሸጊያ ጉዳይ ብቻ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሞልዲን በፌብሩዋሪ 2015 ዐረፈ። በቀጣዩ ዓመት በፌብሩዋሪ 2016 የቀሩት ክሪኬትስ ሆሊ ለመጨረሻ ጊዜ በተጫወተበት በክሊር ሌክ ከተማ ሰርፍ አዳራሽ የመሰናበቻ ዝግጅታቸውን አቀረቡ። አሊሰን በኦገስት 2022፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሞተ። በዚያ ሌሊት ክሎቪስ ውስጥ ከበሮው ኋላ የተቀመጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባንዱን ለ59 ዓመት ጠብቆታል ማለት ነው።

ስለ ኅትመቱ ሥራ ጥቂት ልበል። ሸክላው ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ በትክክል ስለተበጀ ድምፁ አይዋዥቅም። በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ትንሽ የመፍጨት ድምፅ አለ፤ ሁለት ጊዜ ካጠብሁት በኋላ ቢቀንስም አልጠፋም። የመርፌው መነሻ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ዘፈኑ ሲጀምር ይሸፈናል። ቅጂው ሞኖ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ዘፈኖቹ የተቀረጹት ለሞኖ ስለሆነ፣ በኋላ ዘመን በመሣሪያ ተፈብርኮ ወደ ስቴሪዮ የተለወጠው ቅጂ ከበሮውን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ያቀጥነዋል፤ ሁለቱም በገበያ ላይ ስለሚገኙ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ጀርባውን ያንብብ። የወረቀት ከረጢቱ ግን ሸካራ ነው፤ በገዛሁ በሳምንቱ ለስላሳ ወደሆነ ከረጢት ለውጬዋለሁ፤ ሌላውም እንዲሁ ቢያደርግ ሸክላው ሳይጫር ይቆይለታል።

ባዲ ሆሊን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሸክላ ብቻውን አይበቃም፤ በራሱ ስም በ1958 የወጣውና «ፔጊ ሱ»ን የያዘው አልበም አብሮ ሊኖር ይገባል፤ እሱም ላይ ቢሆን ከበሮው የአሊሰን ነው። ባንዱን ማወቅ የሚፈልግ ግን ከዚህ ይጀምርና ቀጥሎ የ1960ውን አልበም ይፈልግ። እኔ አሁን ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ማታ ሥራ ጨርሼ ስገባ መጀመሪያ የማስቀምጠው የቸርፒንግን የመጀመሪያ ገጽ ነው፣ ከ«ኖት ፌድ አዌይ» በኋላ ሰው ወሬ እንዳይጀምር እጄን አንስቼ እየከለከልሁ።